አዳኙ «አለቀ» ሲል፤ ስለ ፔንሲልቫኒያ አጋዘኖች የቀረበ ጥናት

አዳኝ «አውሬው አልቋል» ብሎ አቤት ሲል ቃሉን እንደ ማስረጃ እንቀበለው ወይስ እንደ ተራ እሮሮ ሰምተን እንለፈው? ጥያቄው ሲያዩት ቀላል ይመስላል፤ ነገሩን በቀረቡት መጠን ግን እየተወሳሰበ ይሄዳል። ብዙ ከተጻፈባቸውና ብዙ ጠብ ካስነሡት ጉዳዮች አንዱ በዩናይትድ ስቴትስ በፔንሲልቫኒያ ክፍለ ግዛት የደረሰው ስለ ሆነ፣ በዚህ ጽሑፍ እርሱን እንመረምራለን። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

አስቀድሞ ስለ ስሙ ጥቂት እንበል። በአማርኛችን «አጋዘን» የምንለው ሁለት የተለያዩ ወገኖችን ያጠቃልላል። በአሥር ሳንቲማችን ላይ የተቀረጸው የባሌና የአርሲ የደጋ አጋዘን ወገንነቱ ከላምና ከፍየል ጋር ነው፤ ቀንዱም ዕድሜ ልኩን አይወልቅም። የፔንሲልቫኒያው ባለ ነጭ ጅራት አጋዘን ግን ከሌላ ቤተ ሰብ ነው። የወንዱ ቀንድ ራሱ አጥንት ሲሆን፣ በየዓመቱ በብርዱ ወራት ይወድቅና በጸደይ እንደ ገና ይበቅላል። የእኛው ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ የትም የማይገኝና የመጥፋት አደጋ ያንዣበበበት ነው፤ የዚያኛው ቁጥር ደግሞ በሰሜን አሜሪካ በአሥር ሚሊዮኖች ይገመታል። ስለዚህ ከዚህ በታች የሚነገረውን እንዳለ ወደ ባሌ ወስዶ መተርጐም አይገባም።

በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ በፔንሲልቫኒያ አጋዘን ማየት ብርቅ ሆኖ ነበር። ደኑ ለጣውላና ለቆዳ ማልፊያ ለሚሆነው ቅርፊት ሲባል ተመንጥሮ ነበር፤ ሥጋውን ለገበያ የሚያቀርቡ አዳኞችም የተረፈውን እንስሳ ጨርሰውት ነበር። በ1895 የአደን ጉዳይ ኮሚሽን ተቋቋመ፤ በ1906 ከሚሺጋን አጋዘኖች መጥተው ተለቀቁ፤ በ1907 ደግሞ ቀንድ ካለው ወንድ በቀር መግደል በሕግ ተከለከለ። ሕጉ ሠራ፤ እንዲያውም ከመጠን በላይ ሠራ። አንድ ወንድ ብዙ ሴቶችን ስለሚያስረግዝ፣ ወንዶቹ ቢቀነሱም መንጋው ከመራባት አይገታም፤ በደኅና የበላች ሴት አጋዘን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ መንታ ትወልዳለች። በዚህ ላይ የተመነጠረው ደን እንደ ገና ሲያቆጠቁጥ አጋዘን አፍ የሚደርስበት ለምለም ቀንበጥ አገሩን ሞላው። በ1920ዎቹ መንጋው ከመብዛቱ የተነሣ የሚበላው አጥቶ በብርዱ ወራት መሞት ጀመረ። ኮሚሽኑ በ1928 ነገሩን ገልብጦ የወንዱን አደን ከልክሎ የሴቲቱን ቢፈቅድ፣ አዳኞቹ ክፉኛ ተቆጡ። በእኔ አስተያየት የኋላው ጠብ ሁሉ ሥር እዚህ ላይ ነው። ሴት አጋዘን አለመግደል ለሃያ ዓመት ሲሰበክ ከርሞ፣ አባት ለልጁ የሚያወርሰው የአዳኝነት ክብር ሆኖ ነበር። ደንብ በአንድ ቀን ይሻራል፤ ልጅነት ሲገራ የገባ ነገር ግን እንዲሁ በቀላሉ አይወጣም።

አሁን ወደ ደኑ እንመለስ። የአሜሪካ የደን አገልግሎት ተመራማሪዎች በሰሜን ምዕራብ ፔንሲልቫኒያ ደን ውስጥ ቦታ አጥረው፣ በየአጥሩ የተለያየ ቁጥር ያለው አጋዘን አስገብተው ለ10 ዓመት ያህል ተከታተሉ። መጠኑ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ከ4 ገደማ እስከ 25 የሚደርስ ነበር ማለት ይቻላል። አጋዘኑ በበዛበት አጥር ውስጥ ያሉት ቡቃያዎች ከመሬት ቀና ሳይሉ ተበሉ፤ በእነርሱ ቦታ አጋዘን የማይወደው ፈርን የሚባለው ተክል ተነጠፈ። ነገሩ በዛፍ ብቻ አላበቃም። ከመሬት ከፍ ብሎ፣ ከትልልቆቹ ዛፎች ጫፍ ደግሞ ዝቅ ብሎ ባለው ቅጠል መካከል ጎጆ የሚሠሩ ወፎች፣ አጋዘን እጅግ በበዛበት ቦታ አነስተኛ ከነበረበት ጋር ሲነጻጸሩ ዓይነታቸው በ27 በመቶ፣ ብዛታቸውም በ37 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። እንግዲህ ለደን ባለሙያው አጋዘን «በዛ» የሚባለው በረሀብ መሞት ሲጀምር አይደለም፤ ከዚያ ብዙ ቀድሞ፣ ደኑ ራሱን መተካት ሲያቅተው ነው።

ከ2000 ጀምሮ ኮሚሽኑ ይህን በመከተል መንጋውን ለመቀነስ ተነሣ። ሥራውን የመራው ቀድሞ በጥቁር ድብ ጥናት ስሙ የታወቀው ጋሪ ኦልት ነበር። ይህ ሰው ከከተማ ከተማ እየዞረ አዳኞችን ሰብስቦ አስተማረ። ዛቻ ስለ ደረሰበት ጥይት የሚከላከል ልብስ ለብሶ ስብሰባ ይገባ እንደ ነበር ተዘግቧል። በ2001 የወንዱና የሴቲቱ አደን በአንድ ወቅት እንዲሆን ተደረገ፤ በ2002 ደግሞ ወጣት ወንዶች እንዲያድጉ በማሰብ፣ በአንድ ወገን ቢያንስ ሦስት፣ በአንዳንድ ቦታም አራት የቀንድ ቅርንጫፍ የሌለው ወንድ እንዳይገደል ታዘዘ። በዚያ ዓመት የተገደለው አጋዘን 517,529 ደረሰ፤ ከዚህም 352,113ቱ ቀንድ የሌላቸው ነበሩ። በ2005 ግን ጠቅላላው ወደ 354,390 ወረደ። ኦልትም በ2004 መጨረሻ ሥራውን ለቀቀ።

አዳኙ ያየውን በእርሱ ዓይን ለማየት እንሞክር። ከ1963 እስከ 2018 ድረስ የጠመንጃ አደን የሚከፈተው ከምስጋና በዓል ቀጥሎ ባለው ሰኞ ነበር፤ በብዙ ወረዳዎች በዚያ ቀን ትምህርት ቤት ይዘጋ ነበር። አያት፣ አባትና ልጅ በተራራው ላይ ባለችው የእንጨት ጎጆ አድረው ገና ሳይነጋ ይወጣሉ። በፊት በአንድ ጧት ሠላሳ አጋዘን የቆጠረ ሰው አሁን ማታ ድረስ ተቀምጦ አንድም ሳያይ ቢመለስ፣ «አልቋል» ቢል ይፈረድበታልን? መቀነሱንማ ኮሚሽኑ ራሱ አልካደም፤ ዓላማው መቀነስ ነበርና። ልዩነቱ ያለው በመነሻው ላይ ነው። አዳኙ የሚያነጻጽረው ከልጅነቱ ጋር ነው፤ ልጅነቱ ግን አጋዘኑ ደኑን ይጨርስ የነበረበት ዘመን ነው። የደኑ ሰው ደግሞ የሚያነጻጽረው ሊበቅል ሲገባው ካልበቀለው ዛፍ ጋር ነው።

ይሁንና አዳኙን በዚህ ብቻ ማሰናበት ትክክል አይመስለኝም። ኮሚሽኑ አጋዘኖቹን አንድ በአንድ አይቆጥርም። ሠራተኞቹ ሥጋ ወደሚበለትባቸው ቤቶች እየሄዱ በጥርሱ ዕድሜውን፣ እንዲሁም ጾታውን ይመዘግባሉ፤ ይህን ከአዳኞች ሪፖርት ጋር እያስተያዩ ስንት እንደ ተገደለና ስንት እንደ ቀረ በስሌት ይደርሱበታል። ብዙዎቹ አዳኞች ደግሞ የገደሉትን አያስታውቁም። ይህ ስሌት ለሰፊ አገር የሚያገለግል ነው። በ2003 የ67ቱ አውራጃዎች ክፍፍል ቀርቶ በ22 ሰፋፊ የአደን ክልሎች ሲተካ፣ አማካዩ ይበልጥ ሰፋ። በአንድ ክልል ውስጥ ግን ማንም የሚገባበት የመንግሥት ተራራ አለ፤ ባለቤቱ «ማደን ክልክል ነው» ብሎ የለጠፈበት እርሻም አለ። ተራራው ላይ ያለው አጋዘን በፈቃዱ ብዛት ሲመነምን፣ እርሻው ላይ ያለው ሳይነካ ይቀራል፤ የሁለቱ አማካይ ደግሞ በወረቀት ላይ ደኅና ይሆናል። በአንድ ተራራ ጫፍ ላይ ለቆመ ሰው የክልልን አማካይ መልስ አድርጎ መስጠት፣ የኮሚሽኑ ትልቅ ስሕተት ነበር እላለሁ።

በሌላ በኩል የአዳኙም ዓይን ሚዛን አይደለም። የአዳኞችን አካሄድ በመሣሪያ የተከታተለ ጥናት እንዳሳየው፣ በአማካይ ከመኪና መንገድ የሚርቁት ከአንድ ኪሎ ሜትር ያነሰ ነው። የተኩስ ድምፅ የሰማ አጋዘን ግን ከመንገድ ይሸሻል፤ በቀንም ጥቅጥቅ ባለው ውስጥ ይተኛል። በዚያ ላይ አዳኞቹ ራሳቸው ስለ ቀነሱ፣ አጋዘኑን ከተኛበት የሚያስነሣ ሰው አነሰ። በ2000 እና በ2001 በግልገሎች አንገት ላይ ራዲዮ ታስሮ በተደረገው ክትትል ደግሞ፣ ደን በሆነው አገር የሚተርፈው ግልገል እርሻ በበዛበት ከሚተርፈው ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል፤ ከጠላቶቹም ዋነኞቹ ጥቁር ድብና ኮዮቴ የሚባለው የተኩላ ዘመድ ናቸው። አዳኞቹ ጥፋቱን በኮዮቴ ላይ ሲያላክኩ ድቡን የሚረሱት፣ ምናልባት እርሱን ራሳቸው ማደን ስለሚወዱ ይሆናል።

ከሁሉም በስተጀርባ ገንዘብ አለ። ኮሚሽኑ የሚተዳደረው ከአጠቃላይ ግብር ሳይሆን በአብዛኛው ከአደን ፈቃድ ሽያጭና ከያዛቸው መሬቶች በሚያገኘው ገቢ ነው። የፈቃዱን ዋጋ ደግሞ የሚወስነው የክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት ነበር። ከ1999 በኋላ ምክር ቤቱ ለረጅም ዓመታት አጠቃላይ ጭማሪ አልፈቀደም፤ በአጋዘኑ ጉዳይ የተቆጡት አዳኞችም የየምክር ቤት አባላቸውን ደጅ ይጠኑ ነበር። ደሞዙን የሚከፍለውን ሰው «ተሳስተሃል» ማለት ለማንኛውም መሥሪያ ቤት ከባድ ነው፤ ከ1928 በኋላ ነገሩ ለብዙ ዓመታት ሲንከባለል የኖረበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ይመስለኛል።

ከዚያ ወዲህ ፈቃዱ በየክልሉ እየተመጠነ ሲሄድ በ2020 የተገደለው አጋዘን እንደ ገና 435,180 ደርሷል። ጠቡ ግን ጨርሶ አልበረደም። ዛፍ በተቆረጠባቸው በመንግሥቱ ደኖች ውስጥ ከሰው ቁመት በላይ የሆነ የሽቦ አጥር ይታያል፤ አጋዘን እንዳይገባ የታጠረ ነው። በውስጡ ችግኙ እርስ በርሱ ተጠላልፎ ቆሟል። ከውጭ ያለው ፈርንና ትልልቅ ዛፍ ብቻ ነው፤ መካከል ላይ ምንም የለም። የደኑ ባለሙያ አጥሩን አሳይቶ አጋዘኑ ገና ብዙ ነው ይላል። አዳኙም ያንኑ አጥር ተደግፎ ቀኑን ሙሉ አንድ አጋዘን እንዳላየ ይናገራል።