ማጉያ በማጉያ ላይ፦ የሌንስ ማራዘሚያን መደራረብ ምን ያተርፋል?



ፎቶግራፍ ማንሣት የሚወዱ ሰዎች ዘወትር የሚከራከሩበት አንድ ጥያቄ አለ። በሩቅ ማንሻ ሌንስና በካሜራው መካከል የሚገባ «ቴሌኮንቨርተር» የሚባል ማራዘሚያ አለ። አንዱ ማራዘሚያ ሩቁን ካቀረበ፣ ሁለቱን ደራርበን ብንገጥም ይበልጥ አያቀርብም ወይ?

ጥያቄው የባለ ካሜራዎች ብቻ አይደለም። ነገ ክፍል ገብተን ስለ ብርሃን ስናስተምር፣ አንድ ንቁ ልጅ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ ማጉያ መነጽር በማጉያ መነጽር ላይ ብንደርብ የፈለግነውን ያህል ትንሽ ነገር ማየት እንችላለን?» ማለቱ አይቀርም። «አዎ» ብንለው እናሳስተዋለን። «አይቻልም» ብለን ብናስቀምጠውም ልክ አይሆንም፤ ማይክሮስኮፕ ራሱ ሌንስ በሌንስ ላይ ሆኖ የሚሠራ ነውና። ስለዚህ መልሱን ከነምክንያቱ ማወቅ ይኖርብናል። የካሜራው ማራዘሚያ ደግሞ ነገሩን በቁጥር አስልተን እንድናየው የሚያስችል ጥሩ ምሳሌ ነው።

1. ማራዘሚያው የሚሠራው ሥራ

የሌንሱ የፊት መስታወት ብርሃን ይሰበስባል፣ ጨረሮቹንም አጥፎ ወደ አንድ ነጥብ ይልካቸዋል። ማራዘሚያው በውስጡ በርከት ያሉ መስታወቶች ቢኖሩትም በጠቅላላው የሚሠራው መሐሉ እንደሳሳ ሌንስ ነው፤ ይኸውም ሊገናኙ የተቃረቡትን ጨረሮች በጥቂቱ ይበትናቸዋል። ጨረሮቹ ራቅ ብለው ስለሚገናኙ የሚፈጠረው ምስል ሰፋ ይላል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ፒተር ባርሎ በ1830ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለቴሌስኮፕ እንዲህ ያለ ሌንስ አቅርቦ ነበር። እስከ ዛሬም በስሙ ይጠራል።

በብዛት የሚሠራባቸው ማራዘሚያዎች ባለ 1.4 እና ባለ 2 ናቸው። ባለ 300 ሚሊ ሜትር ሌንስ ባለ 1.4 ሲገጠምለት 420፣ ባለ 2 ሲገጠምለት 600 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ሁለቱን ስንደራርብ ቁጥሮቹ ይባዛሉ እንጂ አይደመሩም። 1.4 ጊዜ 2 ሲባዛ 2.8 ነው፤ ስለዚህ 300ው 840 ይሆናል። ሁለት ባለ 2 ከተደራረቡ ደግሞ 4 እጥፍ፣ ማለትም 1200 ሚሊ ሜትር ነው።

እስከዚህ ድረስ ትርፍ ብቻ ይመስላል። ታዲያ ዕዳው የቱ ላይ ነው?

2. የመጀመሪያው ዕዳ፦ ብርሃን

አንድ ቀላል ሙከራ እንሥራ። በጨለማ ክፍል ውስጥ የእጅ ባትሪ ከግድግዳ 1 ሜትር ርቀት ላይ እናብራ፤ ከዚያም ወደ 2 ሜትር እናርቀው። የብርሃኑ ክብ በወርድም በቁመትም እጥፍ ይሆናል፤ ስፋቱ 4 ጊዜ ያድጋል፤ ነገር ግን ይደበዝዛል። ባትሪው የሚሰጠው ብርሃን ያው ነው፤ የሚያርፍበት ቦታ ግን 4 እጥፍ ሆኗል።

ማራዘሚያም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። የሌንስ «ኤፍ ቁጥር» የሚባለው የሌንሱን ርዝመት ብርሃን ለሚገባበት ቀዳዳ ስፋት በማካፈል ይገኛል። 300 ሚሊ ሜትር ሌንስ ኤፍ 2.8 ከሆነ ቀዳዳው 107 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ማራዘሚያው ርዝመቱን ሲያበዛ ይህን ቀዳዳ አንዲት ሚሊ ሜትር እንኳ አያሰፋውም። ስለዚህ፦

ሀ) ማራዘሚያ ሳይገጠም፦ 300 ሚሊ ሜትር፣ ኤፍ 2.8፣ ብርሃኑ ሙሉ
ለ) ባለ 1.4፦ 420 ሚሊ ሜትር፣ ኤፍ 4፣ ብርሃኑ 1/2
ሐ) ባለ 2፦ 600 ሚሊ ሜትር፣ ኤፍ 5.6፣ ብርሃኑ 1/4
መ) ሁለቱ ተደራርበው፦ 840 ሚሊ ሜትር፣ ኤፍ 8፣ ብርሃኑ 1/8
ሠ) ሁለት ባለ 2፦ 1200 ሚሊ ሜትር፣ ኤፍ 11፣ ብርሃኑ 1/16

አሁን ፎቶ አንሺውን እናስበው። ያለ ማራዘሚያ በ1/1600 ሰከንድ ያነሣ የነበረ ሰው በ«መ» ተራ 1/200 ሰከንድ ያስፈልገዋል። በሌላ በኩል ካሜራን በእጅ ይዞ ለማንሣት የቆየው የባለሙያዎች ደንብ «ከ1 በሌንሱ ርዝመት አትዘግይ» ይላል፤ ለ840 ሚሊ ሜትር ቢያንስ 1/840 ሰከንድ ማለት ነው። እንግዲህ ልብ እንበል፤ ማራዘሚያው በአንድ በኩል ፍጥነት እየነሣን በሌላ በኩል ፍጥነት ይጠይቀናል። የፊልም ወይም የዳሳሹን ትብነት፣ አይኤስኦ የሚሉትን፣ ከ200 ወደ 1600 ብናሳድግ ፍጥነቱ ይመለሳል፤ ምስሉ ግን ይሻክራል።

3. ሁለተኛው ዕዳ፦ ዝርዝር

ዋናው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። ብርሃን ሞገድ በመሆኑ እንከን የሌለው ሌንስ እንኳ የኮከብን ምስል ፍጹም ነጥብ አድርጎ ሊሥለው አይችልም። በጣም ትንሽ ክብ አድርጎ ይሥለዋል። የዚህ ክብ ወርድ በአረንጓዴ ብርሃን በማይክሮ ሜትር ሲለካ የኤፍ ቁጥሩ ጊዜ 1.34 ያህል ይሆናል። በኤፍ 8 ወደ 11፣ በኤፍ 16 ወደ 21፣ በኤፍ 22 ወደ 30 ማይክሮ ሜትር ነው።

36 ሚሊ ሜትር ወርድ ያለውና 6000 ነጥብ የተደረደረበት የካሜራ ዳሳሽ ላይ አንዱ ነጥብ 6 ማይክሮ ሜትር ነው። አሁን ሁለት ሌንሶችን እናወዳድር። ሁለቱም 300 ሚሊ ሜትር ናቸው፤ የአንደኛው ትልቁ ቀዳዳ ኤፍ 2.8፣ የሌላው ኤፍ 5.6 ነው። ሁለቱን ማራዘሚያ ደራርበን ብንገጥምላቸው ሁለቱም 840 ይሆናሉ። የመጀመሪያው ኤፍ 8 ላይ ነው፤ ክቡ ሁለት ነጥብ ያህል ስለሚሸፍን ገና የሚጨበጥ ዝርዝር አለው። ሁለተኛው ኤፍ 16 ላይ ይወድቃል፤ ክቡ ከ3 ነጥብ በላይ ይሸፍናል። ምስሉ ትልቅ ነው፤ አዲስ ነገር ግን ብዙም አይነግረንም።

ልዩነቱ ከየት መጣ? ከማራዘሚያው አይደለም፤ ማራዘሚያዎቹ አንድ ዓይነት ናቸው። የአንደኛው ቀዳዳ 107፣ የሌላው 54 ሚሊ ሜትር ነው። የሩቁን ዝርዝር የሚወስነው ብርሃን የሚገባበት ስፋት ነው። ወጥ ላይ ውሃ ቢጨምሩበት ድስቱ ይሞላል፤ ሥጋው ግን ያው ሥጋ ነው። ሥጋው ብዙ ከሆነ ትንሽ ማቅጠን ምንም አይልም፤ ከመጀመሪያው ቀጭን የሆነውን ወጥ ግን ማን ይበላዋል?

ከዚህ በላይ የተባለው ሁሉ መስታወቱ እንከን የለሽ ነው ብለን ነው። በእውነቱ ግን ማራዘሚያው የሌንሱንም ጉድለት አብሮ ያጎላል፤ ሁለተኛው ማራዘሚያ ደግሞ የመጀመሪያውን ጉድለት ጨምሮ ያጎላል። አየሩም አለ። በአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ሜዳ ላይ በቀትር ከሩቅ የቆመ ሳላ ቢነሣ፣ ሙቀት የሚያንቀጠቅጠው አየር ከሳላው ጋር አብሮ ይጎላል። ለዚህ መድኃኒቱ ማራዘሚያ ሳይሆን በማለዳ መነሣት ነው።

4. ታዲያ መደራረብ ዋጋ የለውም?

አለው፤ ቦታውን ካወቅንለት። ኒኮን በ2022 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው ባለ 400 ሚሊ ሜትር ኤፍ 2.8 ሌንስ ባለ 1.4 ማራዘሚያ በውስጡ ተሠርቶለታል። በዚያ ላይ ባለ 2 ቢገጠም 1120 ሚሊ ሜትር፣ ኤፍ 8 ይሆናል። ይህ እንግዲህ መደራረብ ነው፤ የሚያዋጣውም የፊቱ ቀዳዳ 143 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ ነው።

ለመደራረብ የሚመቸው ነገር ብሩህ የሆነና የማይሮጥ ነው። ጨረቃ ጥሩ ምሳሌ ናት። በዳሳሹ ላይ የምትሣለው ጨረቃ ወርዷ የሌንሱ ርዝመት ለ110 ሲካፈል ያህል ነው። በ300 ሚሊ ሜትር 2.7፣ በ840 ደግሞ 7.6 ሚሊ ሜትር ትሆናለች። ሙሉ ጨረቃ በፀሐይ የተመታ ድንጋይ ስለሆነች በኤፍ 11፣ በአይኤስኦ 100፣ 1/100 ሰከንድ ይበቃታል። በአንጻሩ ጎህ ሲቀድ በጫካ ውስጥ የምትዘል ወፍን በተደራረበ ማራዘሚያ ለማንሣት መሞከር ድካም ነው።

በሥራ ላይ ደግሞ የሚከተሉትን ማስታወስ ይጠቅማል፦

ሀ) የብዙ ማራዘሚያዎች የፊት መስታወት ወደ ውጭ ወጣ ያለ ነው። ሌላው ማራዘሚያ ከበስተኋላው ቦታ ከሌለው መስታወት ከመስታወት ይጋጫል። በጉልበት መግጠም አይገባም።
ለ) የመስታወት ካሜራዎች በራሳቸው ፎከስ የሚያደርጉት አብዛኞቹ እስከ ኤፍ 5.6፣ አንዳንዶቹ እስከ ኤፍ 8 ነው። ከዚያ ካለፈ በእጅ ማስተካከል ነው።
ሐ) በ840 ሚሊ ሜትር የሚታየው ስፋት በጎን 2.5 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው፤ ክንድን ዘርግቶ በአውራ ጣት የሚሸፈነውን ያህል መሆኑ ነው። ጽኑ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ የግድ ያስፈልጋል።
መ) በማንኛውም ሌንስ ወደ ፀሐይ ማየት ዓይን ያጠፋል። ለፀሐይ የተሠራ ማጣሪያ ከሌንሱ ፊት ካልተገጠመ በስተቀር አይሞከርም፤ ተማሪዎችንም አጥብቀን እናስጠንቅቅ።

5. ይህንኑ ጋዜጣ መፈተኛ ማድረግ

ሰው ሁለተኛ ማራዘሚያ ለመግዛት ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ተውሶ ቢፈትን ይሻላል። መፈተኛው እዚሁ ግድግዳ ላይ አለ። ይህን ጋዜጣ ከ30 ሜትር ርቀት አንዴ በባለ 2 ብቻ፣ አንዴ ባለ 1.4 ተደርቦ እናንሣው። የመጀመሪያውን ፎቶ በኮምፒውተር 1.4 ጊዜ አጉልተን ከሁለተኛው ጎን እናስቀምጠው። «ሉ»ን ከ«ሊ» የሚለየው አንዲት ትንሽ ቅጥል ናት፤ በአንዱ ከወገቡ፣ በሌላው ከእግሩ ላይ ትወጣለች። በተደራረበው ፎቶ ላይ ከመጀመሪያው ይበልጥ የተለየች ከሆነ ሁለተኛው ማራዘሚያ ሠርቷል። ሁለቱ ፎቶዎች እኩል ከተነበቡ ግን ኮምፒውተሩ በነፃ የሚሠራውን ሥራ በገንዘብ ገዝተናል ማለት ነው።

ለዚያ ልጅ የምንሰጠው መልስም ከዚህ ይወጣል፦ «ማጉላት የሚጠቅመው ሌንሱ የያዘው ዝርዝር እስካለ ድረስ ነው። ዝርዝሩ ካለቀ በኋላ የሚጎላው ብዥታው ነው።» ማይክሮስኮፕም በዚሁ ሕግ ይገዛል፤ ከተወሰነ ማጉላት በላይ ምስሉ ይተልቃል እንጂ አዲስ ነገር አይታይበትም።

መልመጃ፦ ባለ 500 ሚሊ ሜትር ኤፍ 4 ሌንስ ላይ ሁለት ባለ 1.4 ማራዘሚያዎች ተደራርበው ቢገጠሙ፣

1) ርዝመቱ ስንት ይሆናል?
2) ኤፍ ቁጥሩስ?
3) ዳሳሹ ላይ የሚያርፈው ብርሃን ከመጀመሪያው ስንት እጅ ይሆናል?
4) የቀዳዳው ስፋት ከመደራረቡ በፊትና በኋላ ስንት ሚሊ ሜትር ነው?

አራተኛውን ጥያቄ በትክክል የመለሰ ሰው ጽሑፉን ተረድቶታል።