መምህር የሚያወጡ መምህራን

«ጋሼ፣ እርስዎ የተማሩበት ፔዳጎጂ አካዳሚ ምን ዓይነት ቤት ነበር? ማሠልጠኛ ነው ወይስ ኮሌጅ?»

ጠያቂዋ ከጎንደር መምህራን ትምህርት ኮሌጅ ተመርቃ መተማ ዮሐንስ የተመደበች ወጣት ናት። ተጠያቂው ደግሞ በቋራና በመተማ ቆላ ትምህርት ቤቶች ሱፐርቫይዘር ሆነው ሲዞሩ የኖሩ ጡረተኛ ናቸው።

«አንቺ እንደተማርሽበት ቤት የአንደኛ ደረጃ መምህር አያወጣም ነበር» አሉ። «የሚያወጣው መምህራንን የሚያሠለጥኑትን፣ ትምህርት ቤት የሚመሩትንና የሚቆጣጠሩትን፣ ጎልማሳ የሚያስተምሩትን፣ የማኅበረሰብ ልማት ሠራተኛውንም ነው። አንድ ጎበዝ አሠልጣኝ ከወጣ በእሱ እጅ ብዙ መምህር ያልፋል ተብሎ ነዋ!»

አካዳሚው ባሕር ዳር ላይ የተመሠረተው በአውሮፓውያኑ 1972፣ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት፣ ዩኔስኮና የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም በፈረሙት የሦስትዮሽ ስምምነት ነው። ሥራ የጀመረው በማግሥቱ ዓመት፣ በትምህርትና ሥነ ጥበብ ሚኒስቴር ሥር ሆኖ ነበር። ዓላማው የአንደኛ ደረጃውን ትምህርት ከገጠር ኑሮና ልማት ጋር የሚያስማሙ፣ ሁለገብ የሆኑ ባለሙያዎችን ማፍራት ነበር።

«ከዚያ በፊት ገጠሩን ያሰበው አልነበረም?»

«ነበረ እንጂ። መደበኛው የመምህራን ሥልጠና በእኛ አቆጣጠር በ1936 አዲስ አበባ፣ ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ግቢ ተጀምሮ ኋላ ሐረር ወረደ። በ1940ዎቹ መገባደጃ ደግሞ ሰሜን ሸዋ፣ ማጀቴ ላይ፣ ለማኅበረሰብ ትምህርት ቤት የሚሆኑ መምህራን ማሠልጠኛ በዩኔስኮ እርዳታ ተከፈተ፤ በኋላ ወደ ደብረ ብርሃን ተዛወረ። የዚያ መምህር ሥራ በፊደል አያበቃም። አርሶ አደሩን ስለ ጤናም ስለ እርሻም ያማክር ነበር።»

ወጣቷ ግን በቀላሉ የምትረታ አልነበረችም። «ለገበሬ ልጅ ለብቻው የተቆረጠ ትምህርት መስጠት ‹እዚያው ገበሬ ሆነህ ቅር› ማለት አይደለም?»

ሽማግሌው ዝም ብለው ቆዩ። ጥያቄው ያረጀ ነው፤ አገርም ያናወጠ ነው። አካዳሚው ገና ሲቋቋም «ሴክተር ሪቪው» የተባለው የትምህርት ጥናት እየተዘጋጀ ነበር። ጥናቱ ለብዙኃኑ አራት ዓመት የሚፈጅ መሠረታዊ ትምህርት ያቀርባል፤ ከዚያ በላይ ያለውን በር ግን ያጠባል። መምህራንና ወላጆች ይህን የድሃውን ልጅ ከላይ መቁረጥ አድርገው አዩት። መምህራኑ በየካቲት 1966 ሥራ አቁመው አደባባይ ከወጡባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ጥናት ነው።

«ፍርሃታቸው እውነት ነበር» አሉ በመጨረሻ። «አካዳሚው ግን ጥሩ ሐሳብ ይዞ በክፉ ቀን የተወለደ ልጅ ሆነ። አብዮቱ መጣ፤ ወደ 60 ሺህ የሚጠጋ ተማሪና መምህር በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ወጣ። በ1971 ደግሞ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። ትምህርት ቤቱ እንደ እንጉዳይ ሲፈላ መምህሩ ጠፋ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰውን ‹ድጎማ› ብሎ ክፍል ውስጥ ማስገባት ግድ ሆነ። የአንቺ የጎንደሩ ማሠልጠኛም የዚያ የደርግ ዘመን ልጅ ነው።»

«አካዳሚውስ?»

«ዲፕሎማም ዲግሪም ጨመረ፤ መምህራን ኮሌጅ ተባለ። ከባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ጋር ተዋሕዶ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆነና ሚያዝያ 28 ቀን 1992 ተመረቀ።»

እዚህ ላይ የሽማግሌው ድምፅ ትንሽ ከረር አለ። በእሳቸው ግምት፣ ቤቱ በማዕረግ ከፍ ባለ ቁጥር መጀመሪያ የተከፈተለት ጉዳይ ከዋናው ጠረጴዛ እየራቀ ሄደ።

«እንግዲያው ዲግሪ አያስፈልግም ልበል?»

«እንዲህስ አልወጣኝም! እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። የማስተማር ልምምድሽን የት ሠራሽ?»

«ጎንደር ከተማ።»

«ጥቅምት ላይ ግማሹ ወንበር ባዶ የሆነበት ክፍል አሳዩሽ?»

«የለም።»

መተማና ቋራ ላይ መስከረም የተመዘገበ ተማሪ ሰሊጥ ሲደርስ ወደ እርሻ ይሄዳል፤ ወይም እናቱ ስትሄድ ታናናሾቹን ይጠብቃል። ሰሊጥ ደግሞ ጊዜ አይሰጥም፤ አጨዳው ከዘገየ ፍሬው ይረግፋል። ከጉሙዝ ቤተሰብ የመጣ ሕፃን በበኩሉ ቤቱ በጉሙዝኛ አድጎ አማርኛ ከሚናገር መምህር ፊት ይቀመጣል። አካዳሚው ሲመሠረት ታስቦ የነበረው አሠልጣኝ እንዲህ ያለውን ነገር እጩ መምህሩ ሳይመረቅ በፊት የሚያሳየው ነበር።

«ታዲያ እኔ ምን ላድርግ፣ ጋሼ?»

«ስም ስትጠሪ ‹ቀሪ› ብለሽ ብቻ አትለፊ። አጨዳ የሄደውን፣ ወባ የያዘውን፣ ጨርሶ የለቀቀውን ለየብቻ ጻፊ። ርዕሰ መምህሩ ይየው። ታኅሣሥ ላይ ለሚመለሱት የማካካሻ ክፍለ ጊዜ ይመደብ። ከኮሌጁ ሰው በመጣ ጊዜም ያንኑ መዝገብ አቅርቢለት፤ ለሚቀጥሉት እጩዎች ልምምድ እዚህም እንዲያስብ።»

«ማካካሻውን ማን ይከፍለኛል?»

ሽማግሌው ሳቁ። «እሱንስ ወረዳውን ጠይቂ።»