የቡና ችግኝና የትምህርት ክፍል ምርጫ

«ተመርቄ ሥራ የማገኘው የትኛውን ትምህርት ክፍል ብመርጥ ነው?» ይህ ጥያቄ በየዓመቱ ከተማሪዎች አንደበት ይሰማል። ከአጋሮ፣ ከየቡ ወይም ከሊሙ ገነት ለመጣና በቡና ገቢ ለተማረ ወጣት ጥያቄው የመላው ቤተሰብ ጉዳይ ነው። ይሁንና ብዙ ጊዜ መልሱ የሚፈለገው ከዛሬው ገበያ ነው።

ነገሩን በቡና እንመልከተው። ዋጋ ሲወደድ ገበሬው ሁሉ ችግኝ ይተክላል። ችግኙ ግን ፍሬ ለመስጠት ከሦስት እስከ አራት ዓመት ይፈልጋል። የሁሉም ምርት በአንድነት ሲደርስ ዋጋው ይወድቃል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ቡና ሲወደድ ቬትናምና ብራዚል በስፋት ተከሉ፤ በ2001 የዓለም ዋጋ ክፉኛ ወረደ። በፊዚክስ አነጋገር፣ ምላሹ ዘግይቶ የሚደርስ ሥርዓት ሚዛኑን ጠብቆ ላይቆም፣ ሊወዛወዝም ይችላል።

ዲግሪም እንደ ችግኙ አራት ወይም አምስት ዓመት ይፈጃል። እ.ኤ.አ. በ2008 ትምህርት ሚኒስቴር ከአዲስ ገቢ ተማሪዎች 70 በመቶው ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲማሩ ወሰነ። ከዓመታት በኋላ በርካታ መሐንዲሶች በአንድ ጊዜ ተመርቀው ለጥቂት ክፍት ቦታዎች ተሰለፉ። ስንፍና አልነበረባቸውም፤ ሁሉም የተከተሉት አንድ ምልክት ነበር።

ታዲያ ምን ይሻላል? ከትምህርት ክፍሉ ስያሜ ይልቅ ገበያ ሲለዋወጥ የሚጸናውን ችሎታ መመልከት ነው። ለምሳሌ የቡና እርጥበት መለኪያን እንውሰድ። ለውጭ ገበያ የሚቀርብ ቡና እርጥበቱ ከ10 እስከ 12 በመቶ አካባቢ ሊሆን ይገባል፤ ከበዛ ይሻግታል። አንዱ ዓይነት መለኪያ እንደ ካፓሲተር ይሠራል፤ ፍሬው በሁለት የብረት ገጾች መካከል ይቀመጣል። የውሃ ዳይኤሌክትሪክ ቋሚ ቁጥር 80 ያህል ሲሆን የደረቀው ፍሬ ግን እጅግ ያነሰ ነው። ስለዚህ እርጥበቱ በጨመረ ቁጥር መሣሪያው የሚይዘው የኤሌክትሪክ ሙላት ይጨምራል። መርሁን ለመረዳት ፊዚክስ፣ መሣሪያውን ለመጠገን ኤሌክትሮኒክስ፣ ንባቡን ለማረጋገጥ ስታቲስቲክስ፣ ፍሬውን ለማወቅ የእርሻ ሳይንስ ያስፈልጋል። ከእነዚህ ሁለቱን አጣምሮ የያዘ ተመራቂ ከቡናው ወደ እህሉ፣ ከእህሉ ወደ መድኃኒቱ መሻገር ይችላል።

ይህን ስል ሁላችሁም ፊዚክስ ምረጡ ማለቴ አይደለም፤ ያም ሌላ የጅምላ ተከላ ይሆናል። የምርጫውን ቅጽ ከመሙላታችሁ በፊት ግን ሦስት ነገሮችን ጠይቁ። የትኛውን ትምህርት ሳልታክት አጠናለሁ? ምን በእጄ መሥራት እችላለሁ? ይህ ሙያ በአካባቢዬ የትኛውን ችግር ይፈታል? አራት ዓመት ወደ ፊት የሚያሳይ መነጽር ማንም የለውም፤ ሥሩ የጠለቀ ተክል ግን ድርቁን ለማለፍ የተሻለ ዕድል አለው።