በጨዋታ ውስጥ ሙያን መገደብ፦ መቼ ይጠቅማል፣ መቼስ ይጎዳል?

ትምህርታችን ሁሉ በዕብራይስጥ ስለሆነ አማርኛችን ቢደናቀፍ ይቅርታ አድርጉልን። ዛሬ የምንጽፈው አምስት ጓደኛሞች ሆነን በየሳምንቱ ስለምንጫወተው ጨዋታ ነው። እቤት ውስጥ «እነዚህ ልጆች ወረቀት ዘርግተው እስከ እኩለ ሌሊት ምን ያወራሉ?» ስትሉ ስለምንሰማ ልናስረዳችሁ ፈለግን።

ጨዋታው በዕብራይስጥ «ሜቮኺም ኡድራኮኒም» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1974 ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የሚባሉ ሁለት ሰዎች በአሜሪካ አወጡት። ኮምፒዩተር አያስፈልገውም። ነገሩ እንደ ተረት ነው፤ ግን ተረቱን አንድ ሰው ብቻውን አይነግረውም። ከመካከላችን አንዱ መሪ ይሆንና አገሩን፣ ሰዉን፣ የደረሰውን ችግር ይናገራል። ሌሎቻችን እያንዳንዳችን በተረቱ ውስጥ አንድ ሰው ሆነን ምን እንደምናደርግ እንመልሳለን። ያሰብነው ይሳካ ወይም አይሳካ እንደሆነ ለማወቅ ሃያ ፊት ያለው ዳይስ እንጥላለን።

በተረቱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ሙያ አለው። መጀመሪያ ሦስት ሙያዎች ብቻ ነበሩ፦ ተዋጊ፣ አስማተኛና ካህን። በ1975 ሌባ ተጨመረ። በ2014 በወጣው መጽሐፍ ሙያዎቹ 12 ደርሰዋል፤ ከእነሱም መካከል አዳኝና እንደ አዝማሪ እየዘፈነ የሚሄድ ሰው ይገኛሉ። አንዱ በሚደክምበት ሌላው ይበረታል። እናንተ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንደምትሉት ነው።

ታዲያ 12 ሙያ እያለ መሪው ለምን «ከእነዚህ አራቱን ብቻ ምረጡ» ይላል? ምክንያቱ ተረቱ ነው። ለምሳሌ በ1991 ለዚህ ጨዋታ «ዳርክ ሰን» የሚባል ዓለም ታተመ። ዓለሙ በረሃ ነው፤ ብረት ብርቅ ስለሆነ ሰዉ በአጥንትና በእንጨት መሣሪያ ይዋጋል። በዚያ ዓለም አማልክት ስለሌሉ ለእምነቱ የሚዋጋው ቅዱስ ፈረሰኛ ከሙያዎቹ ወጣ። ሁሉም ሙያ ቢፈቀድ ኖሮ ያ በረሃ እንደማንኛውም አገር ይሆን ነበር።

በእኛም ዘንድ እንዲሁ ሆነ። መሪያችን ድርቅ ስለያዘው የተራራ መንደር ተረት አዘጋጀ። የፈቀደው ተዋጊ፣ አዳኝ፣ ሌባና አዝማሪ ብቻ ነበር። በጨዋታው ሕግ ካህን በጸሎት ውኃ ማውጣት ይችላል፤ አስማተኛም ብዙውን ችግር በአንድ ቃል ይፈታል። እነሱ ካሉ ድርቁ ድርቅ አይሆንም። ምክንያቱ ጥሩ ነበር፤ መሪው ግን ምክንያቱን አልነገረንም። አንዱ ጓደኛችን ለአስማተኛው ሁለት ሳምንት ሲለፋ ቆይቶ የሕይወት ታሪኩን ሦስት ገጽ ጽፎ መጣ። «አይቻልም» ተባለ። «ለምን?» ሲል «እኔ ስላልኩ» ተባለ። ወረቀቱን አጥፎ ወደ ቤቱ ሄደ። ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት አልተጫወትንም፤ በትምህርት ቤትም መነጋገር ተውን።

አንድ ማታ በአንዳችን ቤት ቡና ሲጠጣ ጠቡን ለአያታችን ነገርናቸው። መጀመሪያ ሳቁ። በኋላ ስኒውን አስቀመጡና እንዲህ አሉን፦ «ለእኛም በጎንደር ሙያ ተገድቦብን ነበር። ርስት የላችሁም ተባልን። እኔ ሸክላ ሠራሁ፣ አያታችሁ ብረት ቀጠቀጡ። ገበሬው እሳቸው በሠሩት ማረሻ እያረሰ ቡዳ ይለን ነበር። እኛን ማንም አልጠየቀንም። እናንተስ ተጠያይቃችኋል?»

መልስ አልነበረንም። የእኛ ጨዋታ ነው፤ የእሳቸው ግን ኑሮ ነበር። ሁለቱን እኩል አናደርግም። ጥያቄያቸው ግን ትክክል ነበር።

ከዚያ በኋላ የጨዋታውን የድሮ ሕግ አየን። በ1974ቱ መጽሐፍ ድንክ ሆኖ የተወለደ ሰው ከተዋጊነት በቀር ሌላ ሙያ አይፈቀድለትም ነበር፤ በተዋጊነትም ቢሆን ከስድስተኛ ደረጃ አያልፍም። በ1978ቱ ሕግ ሴት ገጸ ባሕርይ የምትደርስበት የጉልበት መጠን ከወንዱ ያነሰ ነበር። የሴቷ ገደብ በ1989፣ የትውልዱ ገደብ ደግሞ በ2000 በወጡት አዲስ ሕጎች ቀረ። እንግዲህ ገደብ ሁለት ዓይነት ነው ማለት ነው፤ አንዱ ለተረቱ ሲባል የሚደረግ፣ ሌላው ሰውን በትውልዱ የሚያስቀር።

ስለዚህ እንደገና ተቀምጠን ተነጋገርን፤ ሦስት ነገሮችም ተስማማን። አንደኛ፣ ገደቡ ማንም ገጸ ባሕርዩን ሳይጀምር አስቀድሞ ይነገራል። ሁለተኛ፣ መሪው ምክንያቱን ይናገራል፤ ምክንያት ካጣ ገደቡ ይቀራል። ሦስተኛ፣ የሚፈልገው ሙያ የተከለከለበት ሰው በዚያ ፈንታ ምን እንደሚፈልግ ይጠየቃል።

ጓደኛችን ተመልሶ አዝማሪ ሆነ፤ የጻፈው ታሪክም አልባከነም፤ አዝማሪው የድሮ ምስጢር የሚያውቅ ሰው ሆነ። ውኃ የሚያወጣልን ካህን ስላልነበረ የጠፋውን ምንጭ ፍለጋ ሽማግሌ ለሽማግሌ እየዞርን መጠየቅ ነበረብን። ከተጫወትነው ሁሉ የምናስታውሰው ያንን ሌሊት ነው። ጓደኛችን ግን አሁንም አስማተኛ መሆን ይፈልጋል፤ ለሚቀጥለው ተረት ቃል ተገብቶለታል።

ወላጆቻችን ሆይ፣ ልጃችሁ ለዚህ ጨዋታ ሲወጣ «ሙያህ ምንድን ነው? ማን መረጠልህ?» ብላችሁ ጠይቁት። ከዚያም የእናንተን ሙያ ንገሩት። እኛ የአያታችንን የሰማነው በጠባችን ምክንያት ነው፤ ሳንጣላ ብንሰማው ይሻል ነበር።