«መመሪያው አይፈቅድም» ሲባሉ

አንድ አንባቢያችን የንግድ ፈቃድ ለማሳደስ አዲስ አበባ ውስጥ ወደሚገኝ ወረዳ ሄደው ነበር። በመስኮት በኩል «አዲስ መመሪያ ወጥቷል፤ አይታደስም» ተባሉ። መመሪያውን ልየው ሲሉ «የውስጥ ነው» የሚል መልስ አገኙ። ደብዳቤም አልተሰጣቸውም። «መክሰስ እችላለሁ ወይ?» ብለው ጽፈውልናል።

ይችላሉ፤ ነገር ግን ዛሬውኑ ፍርድ ቤት ቢሄዱ መዝገቡ ሳይከፈት የመመለሱ ዕድል ሰፊ ነው።

ጉዳዩን የሚገዛው የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ነው። ስሙ «ፌዴራል» ይበል እንጂ የአዲስ አበባንና የድሬዳዋን አስፈጻሚ አካላትም ይመለከታል። በአዋጁ መሠረት መመሪያ የሚያወጣ ተቋም ረቂቁን ለሕዝብ አስተያየት ማቅረብ፣ ከዚያም ማስመዝገብና ይፋ ማድረግ አለበት። የፌዴራል ተቋማት መመሪያ የሚመዘገበው በፍትሕ ሚኒስቴር ሲሆን የመለያ ቁጥርም ይሰጠዋል። ያልተመዘገበ መመሪያ ተፈጻሚነት የለውም። ስለዚህ «የውስጥ ነው» ሲሏቸው ጠያቂያችን ማለት የሚገባቸው «ቁጥሩ ስንት ነው? መቼ ተመዘገበ?» ነበር። አንዳንድ ጊዜ መመሪያ የተባለው ነገር ሲገለጥ የአንድ ገጽ ሰርኩላር ሆኖ ይገኛል። ሰርኩላር ለሠራተኛው የአሠራር ማሳሰቢያ ሊሆን ይችላል፤ የነጋዴን መብት ለመቁረጥ ግን አቅም የለውም ባይ ነኝ።

ከሁሉ የሚቀድመው ጽሑፍ ነው። አዋጁ ውሳኔ በጽሑፍ፣ ከነምክንያቱ እንዲሰጥ ያዛል፤ በቃል የተነገረን እምቢታ ግን ነገ ማንም «አላልኩም» ሊል ይችላል። ጥያቄዎን በማመልከቻ ጽፈው መዝገብ ቤት ያስገቡ። በእጅዎ በሚቀረው ኮፒ ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ያስመቱ። «ኮፒ ላይ አንመታም» ቢሉዎ በአደራ ደብዳቤ በፖስታ ይላኩና ደረሰኙን ይያዙ። ዝም ቢሉዎም ማመልከቻው ራሱ ማስረጃ ይሆንዎታል።

ቀጥሎ ለተቋሙ ቅሬታ ሰሚ ያመልክቱ። ይህን ደረጃ ሳያልፉ በቀጥታ ፍርድ ቤት ቢሄዱ ተከራካሪው መቃወሚያ ያነሳብዎታል። ቅሬታው ውድቅ ከሆነ አቤቱታዎን ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ያቀርባሉ። የማቅረቢያው ጊዜ የተገደበ ስለሆነ ውሳኔው እጅዎ በገባ ማግስት ጠበቃ ያማክሩ። ፍርድ ቤቱ የሚመረምረው ውሳኔው ሕግን ተከትሎ መሰጠቱን ነው፤ ፈቃዱን ራሱ አያድስልዎትም፣ በአብዛኛው ጉዳዩ ወደ ተቋሙ ይመለሳል። እንባ ጠባቂም ዘንድ መሄድ ይቻላል። ይሁን እንጂ እሱ የሚሰጠው የመፍትሔ ሐሳብ እንደ ፍርድ ስለማይፈጸም በእሱ ብቻ ተማምነው ጊዜ አያሳልፉ።

በየክፍለ ከተማው ለምትሠሩ የሕግ ባለሙያዎችም አንድ ቃል አለኝ። ድሮ የምትጠሩት ክስ ከመጣ በኋላ፣ መልስ ለመጻፍ ነበር። አሁን መመሪያው ሲረቀቅና እምቢታው ሲጻፍ መገኘት አለባችሁ፤ ያለ ምክንያት የወጣን ደብዳቤ ችሎት ላይ ቆሞ መከላከል የእናንተ ዕዳ ነውና።

ክልል ውስጥ ያላችሁ አንባቢዎች ግን ይህን አዋጅ በወረዳችሁ ላይ መጥቀስ አትችሉም፤ የክልላችሁን ሕግ ማየት ያስፈልጋል። ሆኖም በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ለፍርድ ቤት የማቅረብ መብት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 37 የተሰጠ ስለሆነ በየትም ቦታ ይሠራል።