ገበያ በቀዘቀዘ ጊዜ ለሥራ ስለሚዘጋጅ የኮሌጅ ተማሪ

ገበያ ሲቀዘቅዝ ነጋዴ አስቀድሞ የሚቀንሰው የሚያዝዘውን ዕቃ ነው፤ ቀጥሎም አዲስ ሠራተኛ መቅጠሩን ያቆማል። ነባሩን ሠራተኛ ግን ሥራውን ያውቃልና በቶሎ አያሰናብተውም። ስለዚህ የገበያው መቀዝቀዝ በመጀመሪያ የሚጎዳው ገና ከኮሌጅ የሚወጣውን ወጣት ነው።

በካናዳ የተመራቂዎችን ደመወዝ ለብዙ ዓመታት የተከታተሉ የኢኮኖሚ ሊቃውንት እንደ ደረሱበት፣ በክፉ ዘመን ሥራ የጀመረ ተመራቂ በመጀመሪያው ጊዜ በደኅና ዘመን ከጀመረው 9 ከመቶ ያህል ያነሰ ያገኛል፤ ልዩነቱም የሚጠፋው ከ10 ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ጉድለቱን ከሚሞሉት መካከል ብዙዎቹ ከአነስተኛ ድርጅት ጀምረው ወደ ተሻለ የተዛወሩት ናቸው። እንግዲህ ትልቁ መሥሪያ ቤት እስኪጠራው ድረስ ቤቱ የሚቀመጥ ወጣት፣ በአንድ ሱቅ የዕቃ ቆጠራና የዱቤ መዝገብ ከያዘው ጓደኛው ወደ ኋላ ይቀራል።

በአገራችን ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ የመውጫ ፈተና ይቀመጣል። ፈተናው ትምህርቱን ይመዝናል እንጂ በንግድ ቤት ጠረጴዛ ላይ የሚያርፈውን ወረቀት ማንበብ መቻሉን አይመዝንም። ለምሳሌ ያህል «ሲ አይ ኤፍ ጅቡቲ» የሚለው ውል ይታይ። ሻጩ የመርከቡን ኪራይና ኢንሹራንሱን እስከ ጅቡቲ ይከፍላል። ከዚህ ተነሥቶ፣ ዕቃው ጅቡቲ እስኪደርስ አደጋው የሻጩ ነው ብሎ የሚመልስ ተማሪ ጥቂት አይደለም። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም፤ ዕቃው በመጫኛው ወደብ መርከብ ላይ ከወጣ በኋላ የሚደርሰው አደጋ የገዥው ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2020 የተሻሻለው የዓለም አቀፍ ንግድ ምክር ቤት ደንብም፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ሻጩን የሚያስገድደው ዝቅተኛውን የኢንሹራንስ ዋስትና ብቻ እንዲገባ ነው። ይህን የማያውቅ ጸሓፊ ለአስመጪው ትርፍ ሳይሆን ዕዳ ነው።

በላኪው ዘንድ ጉዳዩ ከዚህ ይብሳል። በሌተር ኦፍ ክሬዲት የሚከፍል ባንክ የሚመረምረው ሰነዱን ነው፤ ሰሊጡን ወይም ቡናውን አያይም። በሌተር ኦፍ ክሬዲቱ ላይ ሌላ ቀን ካልተወሰነ በቀር፣ ሰነዶቹ ዕቃው ከተጫነ በኋላ በ21 ቀን ውስጥ ሊቀርቡ ይገባል፤ ባንኩም ለመመርመር ከ5 የሥራ ቀን የበለጠ ጊዜ የለውም። በኢንቮይሱ ላይ የዕቃው መግለጫ ከሌተር ኦፍ ክሬዲቱ ጋር ካልተስማማ ክፍያው ሊከለከል ይችላል። በደኅና ዘመን ገዥው እንዲህ ያለውን ስሕተት አይቶ ያልፈው ይሆናል። ዋጋ በወረደ ጊዜ ግን ያችኑ ስሕተት ምክንያት አድርጎ ሰነዱን አልቀበልም ይላል፤ ዕቃው በሰው አገር ወደብ ተቀምጦ ኪራይ ይቆጥራል፤ ላኪውም በግድ ዋጋ ይቀንሳል። ስለሆነም ሰነድን አስተካክሎ የሚያዘጋጅ ሰው ይበልጥ የሚፈለገው ገበያው በከፋበት ወራት ነው።

ይህንን ዕውቀት ለማግኘት ተማሪው የመጨረሻውን ዓመት መጠበቅ የለበትም። በክረምት ዕረፍቱ ከአንድ ነጋዴ ወይም ትራንዚተር ቤት ገብቶ፣ ያለቀ አንድ ፋይል ከፕሮፎርማው አንሥቶ እስከ ጉምሩክ ዲክላራሲዮኑ ድረስ ወረቀት በወረቀት ቢከተል፣ ከብዙ ደብተር ይልቅ ይጠቀማል። በኮምፒዩተር ሒሳብ መሥራትና በአማርኛም በእንግሊዝኛም አጭርና ግልጽ ደብዳቤ መጻፍ ሳይነገር የሚታወቅ ነው፤ ሆኖም ሁለተኛው እየጠፋ መሄዱ ያሳዝናል።

አንዳንድ ነጋዴ «ተመራቂ ቀጥሬ ሳስተምረው ጊዜው አለቀ» ሲል ይሰማል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን ሊበልጥ አይችልምና አቤቱታው ያለ ምክንያት አይደለም። ነገር ግን ያው ነጋዴ በክረምት የመጣውን ተማሪ ምሥጢር ይወጣል በማለት ከደጅ የመለሰው እንደ ሆነ፣ የሚወቅሰው ማንን ነው? የደንበኛው ስምና ዋጋው ተሸፍኖ የአሮጌ ፋይል ግልባጭ ቢሰጠው የሚወጣ ምሥጢር የለም፤ ተማሪው ለመማር የሚያስፈልገው የቀረው ጽሑፍ ነው።