ስለሚራገጠው ሽጉጥ፣ ለእህቴ ልጅ

ቴክሳስ ሆነህ ለዱር አሳማ አደን ፎርቲ ፎር ማግነም ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ መግዛትህን እናትህ ነገረችኝ። እኔ ቡታጅራ እንሰታችንን ከከርከሮ ስጠብቅ ያደግሁት በአባቴ ውጅግራ ጠመንጃ ነው። በኋላም ባሌ ለውጭ አዳኞች ዱካ ስመራ ብዙ መሣሪያ አይቻለሁና ስማኝ።

1. የያዝከውን እወቅ። ውጅግራ የሚተፋው እርሳስ 25 ግራም ነው፤ ራሱ ግን ከ4 ኪሎ በላይ ይመዝናል፣ ሰደፉም ትከሻ ላይ ያርፋል። ያንተ ጥይት 15 ግራም ገደማ ነው፤ ፍጥነታቸው ብዙም አይራራቅም። ሽጉጡ ግን 1 ኪሎ ተኩል ቢሆን ነው፤ የሚደገፈው ትከሻም የለው። ምቱን ሁሉ የሚቀበለው የእጅህ አንጓ ነው።

2. እጀታውን ከላይ ያዝ። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሃል ያለው ሥጋ ከኋላው ጥብቅ ብሎ ይግጠም፤ ሌላው እጅህ ከፊት ይጠቅልለው። ክርንህን ትንሽ እጠፍ፣ ደረትህን ወደፊት ጣል አድርግ። ሲነሣ ልታስቆመው አትታገል፤ ይነሣ፣ ይመለስ። አንድ እንግዳ ካምፕ ውስጥ በአንድ እጁ ላላ አድርጎ ይዞ ቆርቆሮ ላይ ተኮሰ። አፈሙዙ ሰማይ አየ፣ መምቻው ቅንድቡን ሰነጠቀው። ጀበናው እሳት ላይ ገንፍሎ ቀረ፤ እኔ ጋቢዬን ቀድጄ ደሙን ስይዝ ነበር።

3. ጣትህን ወደፊት አትዘርጋ። በሚሽከረከረው የጥይት ቤትና በበርሜሉ መካከል ክፍተት አለ፤ በዚያ የሚያመልጠው ጋዝ ሥጋ ይቆርጣል።

4. በመጀመሪያው ቀን አንድ ጥይት ብቻ አጉርስ። ከባድ ሽጉጥ ሲራገጥ ጣት ሳያስበው ዳግመኛ ቃታ ሊስብ ይችላል፤ ያን ጊዜ አፈሙዙ ወዴት እንደዞረ አታውቅም። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ፋይቭ ሀንድረድ ማግነም ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ጓደኞችህ "እስቲ ሞክረው" ቢሉህ እምቢ በል። ወንድነት አይደለም።

5. መደንበርን ፍራ። ከምቱ ይልቅ ተኳሽን የሚያበላሸው ምቱን መጠበቁ ነው። ፎርቲ ፎር ስፔሻል የሚባለው ለስለስ ያለ ጥይት በዚያው ሽጉጥ ይገባል፤ በእሱ ጀምር። ከዚያ አንተ ሳታይ ሌላ ሰው ከጥይቶቹ መሃል የተተኮሰ ቀለህ ይቀላቅልልህ። ባዶው ላይ ቃታ ስትስብ አፈሙዙ ካጎነበሰ ገና ነህ። እጅህ ሲዝል ደግሞ ለዕለቱ ይብቃህ። ጆሮህንም ድፈን፤ የእኔን ግራ ጆሮ የበላው ያ ውጅግራ ነው።

6. በ30 እርምጃ አምስት ጥይት በእንጀራ ሳይሆን በሲኒ ማስቀመጫ ስፋት ውስጥ ካላገባህ አውሬ ላይ አታነጣጥር። የቆሰለ ከርከሮ ተከትሎ ቁጥቋጦ ውስጥ መግባት ምን እንደሆነ እኔን ጠይቀኝ።

7. ለመስቀል ስትመጣ ሽጉጡን እዚያው ተወው። አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ ይዞ መግባትን ይከለክላል። ወልቂጤ ያሉት ዘመዶችህ "ጊቤ ሸለቆ ወስደን እናሳድነዋለን" ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ብሔራዊ ፓርክ ነው፣ አይሆንም። ይልቅ በሻንጣህ ቦታ ከተረፈ ለግራ ጆሮዬ የመስሚያ መሣሪያ አምጣልኝ።